ቡሬ ገበያ ላይ ቃል የሌለው ሙዚቃ

ላቀው ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ የተበጠሰውን የካሴት ክር በሚስቱ የጥፍር ቀለም አጣብቆ እፍ እፍ ይልበታል።

«ጋሽ እጅጉ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይሄ ክር ደርቋል። አንዴ ከዞረም ተመስገን ነው። ሲዞር ወደ አዲስ ካሴት እገለብጥልዎታለሁ። መሀል ላይ ካቆምነው ግን ሁለተኛ አይነሳም።»

«እንግዲያው አናቆመውም» ይላል እጅጉ።

ካሴቱ ላይ ያለው የአራት ሰዎች ሙዚቃ ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ሙዚቃውን የደረሰው ከሩስያ አብዮት ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረ ሩስያዊ ነው፤ ያኔ አዳማጩ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ የዕቃ መንኳኳት?» ብሎ አፏጭቶበታል አሉ። ቪዮላዋን የምትጫወተው ኒና ናት። እጅጉ ሌኒንግራድ ስለ ስንዴ ዋግ ሲማር፣ እሷ ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ተጫውታ ቀድታ ሰጠችው። ተመልሶ ሊወስዳት ነበር። ከዚያ የእሱም መንግሥት ወደቀ፣ የእሷም አገር ፈረሰ፤ በሁለቱ ፍርስራሽ መሀል ደብዳቤ መንገድ ጠፋው። ከኒና የቀረው ይሄ ክር ነው። ብቻዋን የምትጫወትበት ቦታ ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው።

ላቀው ሁለቱን ካሴቶች ጎን ለጎን ከትቶ ቁልፎቹን ይጫናል። እንደ ልማዱም ድምፁን ዘፈንም ዜናም ወደሚለቅበት፣ በሩ ላይ ወደተሰቀለው ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ይለቀዋል። በገበያ ቀን ዝም ያለ ሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ሞቷል ይባላል።

ቼሎው ከሥር፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል።

መጀመሪያ በርበሬ ተራ ዝም ይላል፤ የሚዛን ድንጋይ ያነሳ ነጋዴ ክንዱ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ እህል ተራ። ከዚያ ከብት ተራ፣ ከነከብቱ ማለት ይቻላል። ቡሬ ይህን ዓይነቱን ነገር ያውቀዋል። ሬዲዮ ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው፣ ቀርፋፋ የፈረንጅ ሙዚቃ ከለቀቀ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል፣ ወይ መንግሥት ወርዷል። የቀረውን ዜና አንባቢው መጥቶ ይናገራል።

«ማን ነው?»

«ሞቶ ነው ሸሽቶ?»

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልተነገረም።»

«ወይ እኔ፣ ግብሬን ትናንት ከፈልሁ። አንድ ቀን ብታገሥ ምን ነበረበት።»

አንድ ገበሬ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያስጠጋል። ጎረቤቱ ለማንኛውም ብሎ አህያውን ይፈታል።

እጅጉ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «የእኔ ካሴት ነው» ቢል ያበቃል። ሊናገር ሲል ካድሬው መንበሩ እያለከለከ ይደርሳል። ሌላ ቀን ቢሆን «አጥፋው» ማለትን ከሩቅ ይጀምር ነበር። ዛሬ ደፉ ላይ ይቆማል፣ የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ላቀው፣ ከላይ የተባለ ነገር አለ?»

ላቀው እጅጉን ያየዋል። መንበሩም ዞሮ እጅጉን ያየዋል። ባለፈው ስብሰባ ላይ እጅጉን በሰው ፊት «የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ» ያለው ልጅ ነው።

«ጋሽ እጅጉ» ይላል አሁን፣ «እርስዎ የሰሙት ይኖራል?»

እጅጉ እውነቱን ቢነግረው ካድሬነቱ ይመለስለታል፤ ካድሬነቱ ከተመለሰለት ደግሞ ካሴቱን ያስቆመዋል።

«እስቲ እስከ መጨረሻው እንስማው» ይለዋል።

መንበሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ ይላል። ለማን እንደቆመ አያውቅም፤ መቆም ግን ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ቼሎው ይከተላቸዋል። ቪዮላዋ ብቻዋን ትቀራለች፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከግድግዳ ጋር የምታወራ ትመስላለች። በተቀዳበት ቀን ኒናን ጉንፋን ይዟት ነበር። በድምፅና በድምፅ መሀል አፍንጫዋን ትስባለች። ቡሬ ሙሉው ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ነው።

በርበሬ ሻጯ እማማ ቻይነሽ ከመደባቸው ተነስተው አጠገቡ ይቆማሉ። እንደ ኀዘንተኛ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረዋል።

«ልጄ፣ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እማማ።»

«ታውቃለህ። ይሄ ሁሉ ሰው ወደ ላይ ያንን የሞንታርቦ አፍ ያያል፤ አንተ መሬት መሬቱን ታያለህ።»

እጅጉ መሬቱን እንዳየ፣ «አልሞተችም ይሆናል» ይላል።

«እሱ ይብሳል» ይላሉ እማማ ቻይነሽ። «አትንገረኝ ግዴለም። ለቅሶ ግን ለብቻ አይቆምም።»

ከጎኑ አይንቀሳቀሱም።

የመጨረሻው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። ወንበር ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ቆቡን ባወለቀው ገበያ ላይ፣ ከሞንታርቦው አንዲት ሴት አጭር ሳቅ ስቃ በሩስኛ አንድ ነገር ትናገራለች። ጠቅ ይላል። ክሩ ተበጥሷል።

«ምን አለች?» ይላል መንበሩ በሹክሹክታ።

«እንደገና እንጀምር፣ ነው ያለችው» ይለዋል እጅጉ።

መንበሩ ፊቱ አመድ ይመስላል። ወደ ስልክ ቤቱ ይሮጣል።

ላቀው አዲሱን ካሴት አውጥቶ «ተገልብጧል፣ ጋሽ እጅጉ» ብሎ ይዘረጋለታል። እጁ እንደተዘረጋ ይቆያል።

ሞንታርቦው ባዶውን ሽሽ ይላል። ገበያው ሁሉ ወደሱ አንጋጦ ዜና አንባቢውን ይጠብቃል። እጅጉም ቀና ብሎ አብሯቸው ይጠብቃል።