ግድግዳው አፍ ሲያወጣ

ድሮ “ግድግዳ ጆሮ አለው” ይባል ነበር። በእኛ ዘመን አፍም አወጣ፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል የሰማውን ሁሉ ይመልሳል።

እናቴ በንጽሕና ከዓለም አንደኛ ናት፤ ብትደርስባት ፀሐይንም ትወለውላታለች። ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ግን ነክታው አታውቅም፤ ጠቁሯል። “ቀለሙ ይለቃል” ትላለች።

እህቴ ስንዱ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ደምሰውን “በልጅነቴ ደፍሮኛል” ብላ ስትከስ፣ ሰፈሩ ክሷን ሊያስተዋት ቤታችንን ሞላው።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፏን ማን ይዞት ነበር?” አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ።

“እንግዲያው ግድግዳው ይጠየቃ!” አልኩ። ዝሆን ባዝል የማይከብደኝ ሰው ነኝ፤ ሶፋውን በአንድ ጣት ገፋሁት።

“ተው ልጄ!” አለች እናቴ።

ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። የትንሽ ልጅ ለቅሶ ወጣ።

“እማዬ፣ ጋሽ ደምሰው በሩን ዘጉብኝና...”

“ዝም በይ! እትዬ ዘነቡ ይሰሙሻል” አለ የእናቴ የወጣትነት ድምፅ።

ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ፤ “ሰምቻለሁ እኮ። ብቻ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ባል ታጣለች።”

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እኔንም ጨርቁ ከበደኝ፤ ከእጄ ወደቀ።

እናቴ አነሣችው። ግድግዳውን ቀስ ብላ ወለወለችው።

“እማዬ” አለ ግድግዳው።

“ወዬ” አለች እናቴ።