ለ«ጌት» የተሰጠ ግስ

ታናሽ እህቴ ረድኤት «ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ጭንቅላቷ ውስጥ ካስጫነች ወር ሆናት። ማግኘቱንም፣ መድረሱንም፣ መረዳቱንም በዚያች አንድ ግስ ትጨርሰዋለች፤ ጥሩ ሥራም ወዲያው ገባች። እኔ በቅናት አረርኩ።

ሕጉ እንደሆነ ይታወቃል፤ የእንግሊዝኛ ግስ የሚጫንልሽ ከአማርኛሽ አንዱን ግስ ከነስሜቱ ስታስረክቢ ነው። የትኛውን እንደሰጠች ግን አልነገረችኝም።

ትናንት ምሳ ላይ ሆን ብዬ የእናታችንን የወርቅ ጉትቻ አድርጌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ልጆች ሳለን ለዚህ ጉትቻ ፀጉር ተናጭተናል።

«ያምርብሻል እትዬ፤ አንቺው ውሰጂው» አለችኝ።

«አትቀኚም እንዴ?»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «መቅናት ምንድን ነው?»

ጉትቻውን አወለቅኩት። በዚህም ቀናሁባት።