የተከለለው ጓሳ

ሙቀቱ ከቆላ እየገፋ ሲመጣ፣ ጣራ የሚከደንበት ብርድ ወዳዱ የጓሳ ሣር የቀረው ተራራው አናት ላይ ብቻ ነበር። የመንዝ ሰዎች ሰባት ዓመት እንዲከለል ተማማሉ፤ አንዲት እስር እንኳ ያጨደ፣ ክልሉ እስኪከፈት ቆላ ወርዶ ይኖራል። ጠባቂው ዘርጋው መጀመሪያ ያባረረው የገዛ ታናሽ ወንድሙን ደምስን ነው። ደምስ ሚስቱ አራስ ሳለች ጣራው ቢያፈስባት አንዲት እስር አጭዶ ተያዘ።

ዘርጋው ሣሩን ላለመርገጥ ብሎ ዙሪያውን ዞረ እንጂ ውስጡን አላየውም። ከሩቅ ሲያየው ቁመቱ በየዓመቱ ይጨምራልና ደስ ይለው ነበር።

የመክፈቻው ዕለት አገሩ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ወጣ። ደምስም ከቆላ መጣ። ገና ሲገቡ አንድ ዘለላ መዝዞ በጣቱ አሻሸና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰንበሌጥ ነው። እዚያ ቆላ ጎጆዬን የከደንኩበት ሣር።»

ሰዉ እስከ ጫፉ ድረስ ወጥቶ ፈለገ። ጓሳ የሚባል የለም።

«እኔን ቆላ ሰደዱኝ፤ ቆላው ራሱ እርስዎ ዘንድ ወጣ» አለ ደምስ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ የነጠቁኝ እስርስ? እሷ ላይ እንኳ ዘር አይጠፋም ነበር።»

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። ያቺ እስር የራሱ ጣራ ባፈሰሰ ጊዜ ከአልጋው በላይ ተወሽቃ፣ ስድስት ክረምት እሱን ከዝናብ ስትከልል ኖራ በስብሳለች።