ከአዲስ አበባ የመጣው የደም ውጤት

የባሏ እናት፣ ፀሐይ ላይ የሚበርዳት፣ በቀን የምትተኛ ሰነፍ ናት ብለው መነንን ወደ አባቷ ቤት መልሰዋት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የደም ውጤት ግን ሌላ አለ።

«ሰውነትን የሚያተጋው ሆርሞን ደሟ ውስጥ አንሷል» አለ የላሊበላ ጤና ጣቢያው ድሬሰር። «ያንን እንዲያመነጭ የአንገቷን እጢ የሚያዝዘው ሌላው ሆርሞን ደግሞ በዝቷል። የታመመው እጢው ነው፤ ኪኒን ትወስዳለች።»

«ሰማህ አማቼ?» አሉ አባቷ ወደ ባሏ ዞረው። «ወይስ ጓድ ድሬሰር ይድገምልህ?»

ባሏ አቀረቀረ። «በይ ተነሽ፣ በቅሎዋ ደጅ ናት» አላት።

መነን እንቅርቷን የሸፈነችበትን ነጠላ ቀስ ብላ ወደ ትከሻዋ አወረደች።

«ኪኒኑን ዛሬ እጀምራለሁ» አለች። «አንተ ግን ሽማግሌ ላክ። ሰነፍ ተብዬ መመለሴን አገር ሰምቷል፤ እንደ ልጃገረድ ተጠይቄ ነው የምመጣው።»