የሚዘገየው ስልክ

ሻጩ ስልኩን ከሴትዮዋ እጅ ሊቀበላት ሞከረ። "ማዘር፣ ይሄ ይቅርብዎት። የሶፍትዌር ማሻሻያ ቶሎ አይመጣለትም፤ የሰው ስልክ ሁሉ መልኩ ሲቀየር ይሄ ዓመት ሙሉ እንዳለ ነው።"

"እሱኑ ነው የፈለግሁት።"

"ኋላ ቀር ይሆንብዎታል እኮ!"

"አንተ ምን አገባህ? እኔንስ ማን አሻሻለኝ?"

ሱቁ ውስጥ ያለው ገበያተኛ ከሻጩ ጋር ሳቀ። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ እንዲያውም ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ማንበብ አትችልም። ጥሪ የምታነሳው አረንጓዴዋን ምልክት ነክታ ነው። የፊተኛው ስልኳ ሳይነግራት አድሮ ታደሰና ቀይዋን በአረንጓዴዋ ቦታ አስቀመጠባት። ያን ዕለት ልጇ ከሊቢያ ደወለ፤ ጣቷ ወደለመደችበት ሮጠችና ዘጋችበት።

ይህን ስትነግረው ሻጩ ሳቁን ዋጠ። "መልሶ አልደወለም?"

"ይኸው ሁለት ዓመቱ። ሲደውል ግን አረንጓዴዋ ቦታዋን እንዳትለቅብኝ።"