ካደገች አለቀ

«የባሕር ሸረሪት እግሯ ቢቆረጥ ይበቅልላታል። አንዳንዴ ጠማማ ሆኖ፣ አንዳንዴም በአንዱ ቦታ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ትንሽ ሳለች ብቻ ነው፤ ካደገች አለቀ።»

የሳይንስ መምህሩ ማክሰኞ ለአምስተኛ ክፍል ያስተማረው ይህንኑ ነበር።

አርብ አንዲት እናት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆመች።

«መምህር፣ ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሯት? እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው። ለምን ስላት ‹ማደግ አልፈልግም› ትለኛለች።»

«የትኛዋ ናት?»

«ንጋቷ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው።»

መልኳ ትዝ አለው። ትምህርት ከተጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሁልጊዜ ቀድማው ተቀምጣ ያገኛታል።

እናትየው ወደ ኋላዋ ዞራ ጠራቻት። ልጅቷ ክራንቿን ተደግፋ በአንድ እግሯ ገባች።

«ጠማማም ሆኖ ቢበቅል ግድ የለኝም፣ መምህር» አለችው።