የክበቡ ኃላፊ ምስክርነት

የድራማ ክበቡ አስተማሪ ቂም አይረሳም። ባለፈው ዓመት የመዝጊያ በዓል ላይ አንዲት ተማሪው አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ከመናገሩ በፊት «እህም፣ እህም» ማለቱን ሳይቀር መድረክ ላይ አስመስላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። ዳይሬክተሩ እንኳ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። አስተማሪውም አብሮ አጨበጨበ፤ አንጀቱ ግን እርር አለ።

ዘንድሮ ቀን ወጣለት። ልጅቷ ለዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል አመለከተች። እናቷ ልብስ እየሰፋች የምታሳድጋት ናት፤ ይህን ዕድል ካጣች ትምህርቷ እዚያው ላይ አከተመ። ውጤቷ እንከን የለውም። የቀራት ከክፍል ውጭ ስላላት ተሳትፎ የክበቡ ኃላፊ፣ ማለትም ይኸው አስተማሪ፣ የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ነበር።

«መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም» ብሎ ጻፈና ላከ። የዚያን ቀን ምሳው ጣፈጠው።

ኮሚቴው አመልካቾችን በሚያነጋግርበት ዕለት፣ መምህራን ክፍል ብቻውን ተቀምጦ ፈተና ሲያርም ስልኩ ጮኸ።

«ከነፃ ትምህርት ኮሚቴ ቢሮ ነው፣ ልጄ» አለ የአሮጊት ድምፅ፣ እየሳለ። «ጆሮዬ ስለሚያስቸግረኝ ስፒከሩን ከፍተውልኛል። ጮክ ብለህ ተናገር እሺ?»

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ እማማ! እህም፣ እህም... ምን ልታዘዝ?»

«ያቺ ልጅ ‹መምህሩ ዋሽቶብኛል› ብላ ድርቅ አለችብን። እኔስ አላማረችኝም፤ ምላሷ ረዘመብኝ።»

አስተማሪው ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ገና መቼ አወቋትና!»

«እንደው ለራሴ እንዲቀለኝ እውነቱን ንገረኝና ነገሩን ልዝጋው። መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም?»

አስተማሪው ዞር ብሎ በሩን አየ። ማንም የለም። ደግሞም እንዲህ ያለውን ድል ለብቻ ይዞ መክረም ከብዶት ነበር።

«በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር እንጂ፣ መውጣቱንስ ወጥታለች። ከገባች ጀምሮ መሪ ተዋናይ ናት፤ ያላስለቀሰችው ተመልካች የለም። ግን አዋረደችኝ፣ እማማ! በሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ አደረገችኝ። እንግዲህ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትትከል!»

«ታዲያ ሆን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ሆን ብዬ ነው እንጂ! ዛሬም ቢሆን ደግሜ እጽፈዋለሁ።»



ከዚያ ከስልኩ ውስጥ «እህም፣ እህም» የሚል፣ የአሮጊቷ ሳይሆን ቁርጥ የራሱ የአስተማሪው ድምፅ መጣና «ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣ ምስክርነቴን ጨርሻለሁ» ሲል፣ ከድምፁ ጀርባ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው በሳቅ አውካካ።